ትልቁ ይቅደም ወይስ ትንሹ

«አስር ሺህ ሁለት መቶ አርባ ሜትር!» አለ ጓድ ሸረፈዲን ጠረጴዛውን በመዳፉ እየጠፈጠፈ። «የዋጃ ጉድጓድ ውሃ ከጀሐነም ነው እንዴ የሚቀዳው?»

የቀበሌው አዳራሽ ሳቀ። ሊቀመንበሩ ከቀለደ መሳቅ ግድ ነው፤ ቀልዱ ያልገባው ደግሞ የበለጠ ይስቃል።

ከፊት ረድፍ፣ በሴቶች ማኅበር ወንበር ላይ የተቀመጠችው ኡሙልኸይር ግን አልሳቀችም። ቆማ የምትጠየቀው ልጇ ዚነት ናት፤ የጉድጓድ ቁፋሮው ፕሮጀክት የኮምፒዩተር ሠራተኛ። ስብሰባው «አሻጥር ነው» ካለ ዛሬውኑ ወልድያ፣ እስር ቤት ትላካለች።

«ውሃው አርባ ሜትር ላይ ነው» አለች ዚነት። «የጉድጓዱ ጥልቀት ያለበት ዲስክ የተጻፈው አዲስ አበባ፣ በሌላ ዓይነት ማሽን ነው። ማሽን ቁጥርን ለሁለት ከፍሎ ያስቀምጣል። የእነሱ ትልቁን ቤት ያስቀድማል፣ የእኛ ትንሹን። የእኛው ሲያነበው አርባውን በትልቁ ቤት ቆጠረውና አስር ሺህ አደረገው። ዲስኩ ደግሞ የቱ እንደሚቀድም አይናገርም።»

ነገሩ ለኡሙልኸይር እስከ ሥሩ አልገባትም። መሠረተ ትምህርት ከገባች ገና ዓመቷ ነው፤ አንድ ቤትና አስር ቤትን ለይታ ለመጻፍ እንኳ ምላሷን ትነክሳለች። ልጇ እንደማትዋሽ ግን ታውቃለች።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ሸረፈዲን። ዓይኑ በራ። «ጓዶች፣ ሰማችሁ? ትልቁ ይቅደም፣ ትንሹ ከኋላ ይከተል! ይሄ የማን ሥርዓት ነው?»

«የፊውዳሉ!» አሉ ከኋላ።

ኡሙልኸይር ይህን ሰው ከድሮ ታውቀዋለች። ባላባቱ በቆቦ ገበያ ሲያልፍ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ከወገቡ የሚታጠፈው እሱ ነበር። ባላባቱ ወደቀ፣ የሸረፈዲን ወገብ ቀና አለ፤ ምላሱ ግን የሚልሰው አላጣም። ከጎኑ የተቀመጠው የፕሮጀክቱ መሐንዲስ ደግሞ ጫማውን ይመረምራል። ይህን የማሽን ነገር ለዚነት ያስተማራት እሱ ራሱ ነው። አሁን ከጫማው በቀር የሚያውቀው ነገር የለም።

ኡሙልኸይር የልጇን ቀሚስ ጫፍ ሳብ አደረገች።

«ዚኑ፣ አጥፍቻለሁ በያቸው። አንዲት ቃል ናት።»

«ምን አጠፋሁ እማ?»

«ምንም። ብቻ በያቸው። አላህ ያውቅልሻል።»

ዚነት ቀሚሷን ቀስ አድርጋ አስለቀቀች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ቁጥር ጭሰኛና ባላባት የለውም። ዲስክ የትም ይጻፍ የት፣ በአንድ ሥርዓት ይጻፍ። ያ ሥርዓት የማይስማማው ማሽን ሲያነብ ራሱ ይገልብጠው። ይህንኑ ሠርቼ ከሰዓት በኋላ አስረክባለሁ።»

«ይገልብጠው!» ሸረፈዲን ከወንበሩ ዘለለ። «ማንን ነው የምትገለብጪው አንቺ?»

አሁን የሳቀ የለም።

«ሁለት ነጥብ ለድምፅ አቀርባለሁ» አለ። «አንደኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ በቆቦ ትንሹ ይቀድማል።»

እጆች ወጡ። የማሽን መልክ አይተው የማያውቁ ሽማግሌዎች አወጡ፤ መሐንዲሱም አወጣ። ኡሙልኸይርም አወጣች። ለሰፈራም ለመንደር ምሥረታም እጇን ያወጣች ሴት ናት፤ ለዚህ ምን ገዷት።

«ሁለተኛ፣ ዚነት በፕሮጀክቱ ላይ አሻጥር ሠርታለች።»

እጆች ወጡ። ኡሙልኸይር ዓይኗን መሐንዲሱ ላይ ተከለች። እጁ መጀመሪያ ጉልበቱን አሸ፣ ከዚያ አንገቱን አከከ፣ ከዚያ እከኩን ጨርሶ በዚያው ወደ ላይ ወጣ። የተማረ እጅ፣ ንጹሕ፣ ጥፍሩ የተከረከመ። በሕይወቷ ብዙ ነገር ተጸይፋለች፤ እንደዚያ እጅ ግን የተጸየፈችው የለም።

«ተቃውሞ?» አለ ሸረፈዲን ለወጉ ያህል፣ ወረቀቱን እየሰበሰበ። «እንግዲህ በሙሉ ድም...»

ቀና ሲል ከፊት ረድፍ አንድ እጅ ወጥቶ አየ። ከዚያ፣ ለሕፃን እንደሚባል፣ በፈገግታ ጎንበስ አለላት።

«ጓዲት ኡሙልኸይር፣ ተሳስተሻል። ይሄኮ የተቃውሞው ተራ ነው።»

«አውቃለሁ» አለችው።

እጇን አላወረደችም። በሌላኛው እጇ ክርኗን ደገፈችው።