ከሲዲ ወደ ሚሞሪ

መምህርቷ ሲዲውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ለባለሱቁ ሰጠችው። ሶዶ ውስጥ ሲዲ የሚያነብ ኮምፒውተር ያለው መዝሙርና ዘፈን በሚጭነው በዚህ ሱቅ ብቻ መሆኑን ሰምታ ነበር።

«ቲቸር፣ በፍላሽ ላድርግልዎት በሚሞሪ?» አለ ባለሱቁ። «ፍላሽ ጠንካራ ነው፤ ስልክ ውስጥ ግን አይገባም። ሚሞሪ ርካሽ ነው፣ በስልክም በሬዲዮም ይሠራል። ከጥፍር ስለሚያንስ ግን በቀላሉ ይጠፋል።»

«ሲዲው ራሱስ?»

«እሱን ግድግዳ ላይ ይስቀሉት፤ ያብለጨልጫል!»

ሚሞሪውን ሊያስሞላ ወረፋ የያዘ ባለባጃጅ ሳቀ። እሷም ፈገግ ብላ «በሚሞሪ ይሁን» አለች።

ባለሱቁ መሥራቱን ለማረጋገጥ ሲያጫውተው፣ ካረፈ አራት ዓመት የሆነው ባሏ በወላይትኛ መዘመር ጀመረ። የሲዲ ማጫወቻዋ እስኪበላሽ ድረስ በሯን ዘግታ ብቻዋን ነበር የምትሰማው። ባለሱቁ እንደ ልማዱ ለሌላ ደንበኛ የሚጭነውን ቅጂ ኮምፒውተሩ ላይ ሊያስቀር ሲል ግን እጇን አነሳች።

«ይህን አታስቀር። የቤት ነው።»

«እሺ ቲቸር።»

ባለባጃጁ አንገቱን ወደ ድምፅ ማጉያው አዘንብሎ ቆሞ ነበር። «ማን ነው የሚዘምረው?» አለ። «እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ለእኔም ጫንልኝ፤ ተበላ ከተማ ድረስ እየሰማሁት ልሂድ።»

ባለሱቁ እሷን አየ። መዝሙሩ እስኪያልቅ አዳመጠች።

«ባሌ ነው» አለች ለባለባጃጁ። ከዚያም ወደ ባለሱቁ ዞራ፦ «ጫንለት።»