የድርጅቱ ይቅርታ ጠያቂ

ሾፌር አልባው የጭነት መኪና የይታክቱን ባል ሸዋ ሮቢት መውጫ ላይ ገጭቶ ገደለው። አርባው እንዳለፈ ሽማግሌዎች ለእርቅ መጡ። በወጉ፣ ገዳይ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ደጅ ላይ ይንበረከካል፤ የመኪናው ባለቤት ድርጅትም አንድ ሰው ልኮ አንበረከከ።

"ስለ ፈጠረዎት ይማሩኝ፣ እናቴ" አለ ሰውየው ዓይኑን ከመሬት ሳይነቅል።

"አንተ ነህ የገደልከው?"

"ኧረ እኔ መኪናውን አይቼውም አላውቅ። ድርጅቱ ለይቅርታ የቀጠረኝ ነኝ።"

ደሟ ፈላ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አባ ወልዴ፣ ቶሎ ብለው ገቡ።

"ይታክቱ ልጄ፣ ብረት አይንበረከክ ነገር፣ ምን ይደረግ? መኪናው እንደ ሰው አይሰክር፣ አያንቀላፋ። የባልሽ ቀን ጎደለ እንጂ ከዚህ በፊት ሰው ነክቶ አያውቅም ብለው የድርጅቱ ሰዎች ምለውልናል።"

ይታክቱ ጥርሷን ነክሳ ተነሣች። ደጇ ላይ የወደቀን ሰው ድንጋይ አሸክሞ ማቆየት ነውር ነው። ድንጋዩን ስታነሳለት ግን ማጅራቱን አየችው። ቆዳው ዕድሜ ልኩን ቀንበር እንደተሸከመ በሬ ተልጦ፣ ድኖ፣ እንደገና ተልጦ ጠጥሯል።

"ሰው ነክቶ አያውቅም ነው ያላችሁኝ? ኑ፣ ይኼን ማጅራት እዩት!"

ማንም አልተነሣም። ድንጋዩን መልሳ ጫነችበት።

"ይዘኸው ሂድ" አለችው። "ነገ ለሌላው ደጅ ያስፈልግሃል።"