ባንዲራ የጣለ እጅ

በሰው ፊት ያዋረደኝ ሲግቢዮርን ነው። ዶክተር ሲግቢዮርን፣ የመንደራችን ብቸኛ ሐኪም። ቀኑ የዛሬ ሁለት ዓመት ሜይ አሥራ ሰባት፣ የብሔራዊ በዓላችን ዕለት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ፤ ቦታው የትምህርት ቤቱ በር ላይ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይጥላል። ከሰልፉ ፊት ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ባንዲራችንን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ጣቶቼ ድንገት ድርቅ አሉና ባንዲራው አምልጦኝ ጭቃ ላይ ወደቀ። እሱ አነሳውና ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ «የአይለርት እጅ የሚታመመው የሚሸከመው ነገር ሲኖር ብቻ ነው» አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሌላ ሰው ቢለው ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ሐኪም ሲለው ማስረጃ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ዓሣ በምከትፍበት ፋብሪካ ስሜ «የቡና እጅ» ነው። ስኒ ለማንሳት ብቻ የሚበረታ ማለታቸው ነው።

ስድስት ጊዜ እሱ ዘንድ ለምርመራ ሄጃለሁ። ብርድ ሲነካኝ ጣቶቼ ይገረጣሉ፣ ጫፋቸው ይቆስላል፣ ምግብ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል፣ ዳገት ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል ብዬዋለሁ። የምርመራ ክፍሉ ግን እንደ ዳቦ ቤት ይሞቃል፤ እጄም እዚያ ሲገባ የማንም ጤነኛ እጅ ይመስላል። መዝገቤ ላይ የጻፈውን በስልኬ አንብቤዋለሁ። «ምንም አልተገኘም። ስለ ሕመሙ አብዝቶ ያስባል።»

አዎ፣ አስቤያለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አስቤያለሁ።

ዛሬ ሰባተኛዬ ነው። ፔርሙሴን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። ሲግቢዮርን ፈገግ ብሎ ቡና ይዘህ መምጣትህ ደግ አደረግህ፣ የእኛ ማሽን የሚተፋው እጣቢ ነው ይለኛል። እዚህ አገር ፔርሙስ ውስጥ ሌላ ነገር ይኖራል ብሎ የሚገምት የለም።

የእጅ መታጠቢያውን መውረጃ ደፍኜ ፔርሙሱን እገለብጥበታለሁ። ከዓሣ ሣጥን የዘገንኩት በረዶ ከነጨው ውኃው ይንኮሻኮሻል። ሁለት እጄን እነክራለሁ። ምን እያደረግህ ነው ይላል።

ጣቶቼ ከጫፍ እስከ መሃል አንጓ እንደ ሻማ ይነጣሉ። ሳወጣቸው ሰማያዊ ይሆናሉ። ከዚያ ቀዩ እያቃጠለ ይመጣል።

«ባንዲራህ ይኸውልህ» እለዋለሁ። «ይሄኛው አልወደቀም። በል አሁን የአንተን አግባ።»

ሊስቅ ይልና ፊቴን አይቶ ይተወዋል። እጅጌውን ሰብስቦ ይነክራል። በግድግዳው ሰዓት ሁለት ደቂቃ እቆጥርበታለሁ። ከንፈሩን ይነክሳል። ይህቺን ነበር የጠበቅኳት። ሲያወጣው ግን እጁ እንደ ሕፃን ጉንጭ ቀላ ይላል፣ ሌላ ምንም የለም። ንዴቴ ይብስብኛል።

የእኔን እጅ ይዞ ወደ መስኮቱ ይስበኛል። የጣቴን ቆዳ ሊቆነጥጥ ቢሞክር አይያዝለትም፤ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። የጥፍሮቼን ሥር በማጉያ መነጽር ያያል። ከዚያ ስለ ጉሮሮዬና ስለ ትንፋሼ ይጠይቀኛል፣ ነግሬው እንደማላውቅ ሁሉ። የደም ምርመራ ያዛል። ከተማ ላለው ስፔሻሊስት አስቸኳይ የሚል ደብዳቤ ይጽፋል። የበሽታውን ስም ለመናገር ገና ነው ይለኛል።

«ሰውነትህ ራሱን ጠላት አድርጎ ቆጥሮት ይሆናል። ከራሱ ጋር እየተዋጋ። ሳንባህም መታየት አለበት፤ ሳይዘገይ።»

ሳይዘገይ። ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ለራሱም ተሰማው መሰለኝ፣ አንገቱ ይቀላል።

«አይለርት» ይላል፣ «ያን ዕለት የተናገርኩት… ዘንድሮ ባንዲራውን አንተ ያዝ። እዚያው ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።»

ገና ያልደረቀ እጁን ይዘረጋልኛል።

መልስ አለኝ። ዓሣ ስከትፍ፣ ጋደም ስል፣ ቃል በቃል ያጠናሁት መልስ። የተዘረጋውን እጅ አያለሁ፤ ጤነኛ፣ ሙቅ እጅ። ሳልጨብጠው ደብዳቤውን ኪሴ እከታለሁ። ኮፍያዬን አንስቼ እወጣለሁ።

ውጭ ነፋስ ነው። የጃኬቴን ዚፕ ለመሳብ እሞክራለሁ፣ ጣቶቼ አይታዘዙኝም። በመስኮቱ እያየኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ቆሜ አልታገልም። ጃኬቴ እንደተከፈተ፣ በየአሥር እርምጃው እያለከለክሁ፣ ዳገቱን እወጣለሁ።