የእንድሪያስ የንፋስ መብራት

እንድሪያስ ባሕር ዳር፣ ዋራበሌ በምትባል መንደር ባለው ቤቱ ጣሪያ ላይ ሆኖ የመጨረሻውን ሽቦ አሰረና የንፋስ ጄኔሬተሩን ክንፎች ለቀቃቸው። ከባሕሩ የሚመጣው የምሽት ንፋስ አገኛቸውና እየተንሿሹ መሽከርከር ጀመሩ። ከአሮጌ የጭነት መኪና ዲናሞና ከፕላስቲክ ቱቦ በገዛ እጁ ነበር የሠራው። ባለቤቱ ትርንጎ ግን ገና ሥራውን ከጀመረ አንስቶ፣ «ተው አንተ ሰው፣ የተሠራውን ገዝተን ቶሎ ይብራልን» እያለች ስትወተውተው ከርማለች። እሱም እጄን ናቀችው ብሎ ተቀይሟት ነበር።

«ትርንጎ! በራ ወይ?» ሲል ወደ ታች ተጣራ።

«በራ! እሰይ! ቤቱ እኮ ቀን መሰለ!» አለችው ከውስጥ።

እንደ ልጅ እየፈነደቀ መሰላሉን ወርዶ ገባ። ክፍሉ ድንግዝግዝ ብሏል። አምፖሉ አልበራም፤ አንዱ ሽቦ ከግድግዳው ተላቅቆ ተንጠልጥሏል። ትርንጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን አምፖል ወደሌለበት ጥግ አቅንታ ፈገግ ብላለች። የክንፎቹን ድምፅ ሰምታ ነው በራ ያለችው። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ «ቶሎ» ስትለው የነበረው ዓይኗ ሳይጨልም መብራቱን ለማየት ኖሯል።

እንድሪያስ ከተንጠለጠለው ሽቦ ዓይኑን ነቅሎ ወደ እሷ ተጠጋ።

«ምነው? አላማረህም እንዴ?» አለችው።

አጠገቧ ተቀመጠና እጇን ያዘ።

«አምሮኛል» አለ ድምፁን እንደ ምንም አረጋግቶ፤ «እንዲህ ይደምቃል ብዬ አልጠበቅሁም።»