የጀርባ ኪስ

የልብስ ሰፊዋ ጣት ኮምፒውተሯ ላይ «አጥፋ» ከሚለው ምልክት ላይ ደርሶ ቆመ። በነፃ ካወረደችው የንድፍ ፕሮግራም ጋር ተለጥፎ የገባውን ሰላይ ፕሮግራም ታናሽ ወንድሟ ትናንት ጠዋት አግኝቶታል። ማስታወቂያ እንደ ዝናብ የሚያወርድባትም፣ የምትነድፈውን ልብስ ሁሉ ሰርቆ ለሌላ የሚያቀብለውም እሱ ነበር። ለማን እንደሚያቀብል ግን አልታወቀም።

«እትዬ፣ ተጫኚው እንጂ! ሌባ አሳድረሽ ደግሞ ቁርስ ልታበዪው ነው?»

«ቆይ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲሉ አልሰማህም? እኔ ተመንጥሬያለሁ፤ አሁን ተራዬ የመጠርጠር ነው።»

ዓይኗን መንገዱን ከሚያሳየው የሱቋ መስኮት ሳትነቅል ነበር የምትመልስለት። ልቧ እንደ ስፌት መኪናዋ ይመታል። ትናንት ሰላዩ እንዲያየው ብላ አንድ ጃኬት ነድፋለች፤ ኪሱ ያለው በጀርባው፣ ልክ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ነው።

እሷ ያሰበችውን ልብስ ሁልጊዜ ቀድሟት የሚሰቅለው የመንገድ ማዶው ልብስ ሰፊ፣ አዲስ ጃኬት ለብሶ ከሱቁ ብቅ አለ። በራሱ ሱቅ መስታወት ራሱን ለማየት ዞር ሲል ጀርባው ታየ።

«ጉድ ፈላ!» ወንድሟ አፉን በእጁ ያዘ። «ሰፍቶታል! ኪሱን ሰፍቶታል!»

ሰውየው እጁን በትከሻው በኩል ወደ ኪሱ ላከ፤ አልደረሰም። በወገቡ በኩል ሞከረ፤ አሁንም አልደረሰም። እጁ ጀርባው ላይ እንደተጠማዘዘ ቀስ ብሎ ዞረና ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

ልብስ ሰፊዋ በግራ እጇ ሰላም አለችው፤ በቀኟ «አጥፋ»ን ተጫነች።