ስም የማይጻፍበት መጠይቅ

የመጠይቅ ሠራተኛዋ በየዓመቱ አንድ ማለዳ፣ ሰው ሳይገባ፣ በየጠረጴዛው ወረቀት ታስቀምጣለች፦ «መሥሪያ ቤቱን ለመልቀቅ ያስባሉ?» ስም አይጻፍበትም። ከሰዓት በኋላ ከሳጥኑ ሰብስባ በእያንዳንዱ ላይ ማኅተም ትመታለች። በሯን የሚያንኳኳ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። «ሥራ ወጥሯቸው ነው» ትላለች ለራሷ።

ዘንድሮ ሁሉም «አዎ» ብለዋል። ምክንያታቸውም አንድ ነው፦ «ድምፁን አልቻልነውም።»

«የምን ድምፅ ደግሞ?» አለች፣ ማኅተሟን ዷ አድርጋ እየመታች።

የመጨረሻው ወረቀት የዘበኛው ነው፤ ስም ባይኖረውም የተንጋደደ ጽሑፉን ታውቀዋለች። ድሮ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ» የሚላት እሱ ብቻ ነበር።

«እትዬ፣ ማኅተሙ እስከ በሩ ድረስ ይሰማል። እኛስ ብንለቅ ሌላ ሥራ አናጣም። አንቺ ግን ከቀበርንሽ ይኸው ሦስት ዓመት ሞላ፤ መቼ ነው የምትሄጂው?»