ስስ ቅርፊት

እሑድ የአበባ እርሻው ሥራ ስለሌለበት ሰውየው የወፍ አጥኚዋን በጀልባ ቀዝፎ ዓሣ በል ወፎች ወደሚፈለፈሉበት ደሴት ወሰዳት። ጎጆዎቹ ውስጥ ያገኙት የተደፈጠጠ እንቁላል ብቻ ነው። አጥኚዋ አንዱን ቅርፊት በጣቷ ስትነካው እንደ ወረቀት ተጣጠፈ።

«እናትየዋ ስትታቀፈው ይሰበርባታል» አለችው። «አበባ እርሻው የሚረጨው መድኃኒት ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ከውሃው ወደ ዓሣው፣ ከዓሣው ወደ እሷ።»

«እሷስ አትታመምም?»

«ስታያት ደህና ናት። እንደገና ትጥላለች፣ እንደገና ይሰበርባታል።»

ወደ ዳር ቀዝፎ መለሳት።

ሚስቱ ደጃፍ ላይ ሳፋ አቅርባ ጠበቀችው። ሁለት ጊዜ አስወርዷታል፤ ይኼኛው አራት ወር ሆኖታል። እጅጌዋን ሰብስባ፣

«የሥራ ቱታህን አምጣው» አለችው። «ነገ ርጭት አለብህ፤ ልጠብልህ።»

መድኃኒት መድኃኒት የሚሸተውን ቱታ አምጥቶ ሰጣት።